የጎጃም መንጃ ፈቃድ በቀራንዮ ዳገት

ንጋት፣ ቀራንዮ

ጎሕ ሲቀድ ከቤት ወጣን። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነው፤ የባለቤቴ የደምሴ ክራንች እየሰመጠ ያስቸግረናል።

"አንተ ቤት ቅር፣ ብቻዬን እሄዳለሁ" ስለው፣ "ያስተማርኩሽ እኔ! ምን ሆኜ ነው የምቀረው?" ብሎ ተቆጣ። ግትር ነው፤ የምወደውም በግትርነቱ ነው።

ቡሬ እያለን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ኋላ ዘመቻ ሄደና ቀኝ እግሩን ግንባር ትቶ ተመለሰ። ለሕክምናው ብለን አዲስ አበባ ገባን። የጎጃም መንጃ ፈቃዴ ግን እዚህ አልሠራ አለ፤ "እንደገና ተፈተኚ" ተባልኩ። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሹፌር ይፈልጋል፤ ቦታውን የሚጠብቁልኝ እስከ ዛሬ ነው። ከወደቅኩ እኔ ቡሬ ተመልሼ አባቴ ወፍጮ ቤት ገብቼ እየሠራሁ ልልክለት፣ እሱ እዚህ ብቻውን ሐኪም ቤት ሊመላለስ ነው።

ማለዳ፣ ውይይት ታክሲ

ውይይት ውስጥ ሰው ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ነው የሚቀመጠው። ጎመን የታቀፉ ሴትዮ ከፊቴ አሉ።

"ወዴት ነው እንዲህ በማለዳ፣ ልጄ?"

"መንጃ ፈቃድ ልፈተን ነው፣ እማማ።"

"አንቺ? እሱ መስሎኝ!" አሉና ወዲያው እግሩን አይተው ደነገጡ።

"እኔማ ጡረታ ወጣሁ" አላቸው ደምሴ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን ሲወርዱ ጉልበቱን ዳበስ አድርገው፣ "እግዜር ይማርህ፣ የኔ ልጅ" አሉት።

ረፋድ፣ ፈተና

ደምሴ መፈተኛው ግቢ በር ላይ ቀረ። ፈታኙ ካኪ የለበሱ ወፍራም ሰውዬ ናቸው፤ ፊታቸው አይፈታም። እኔ እየነዳሁ ወጥተን ወደ ቀራንዮ ዞርን። መድኃኔዓለም ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ቀብር መጣ።

መኪናውን ጥግ አስይዤ አቆምኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወረድኩ። ቡሬ ሹፌር ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ፈተና ላይ መሆኔ ትዝ ያለኝ መሬት ከረገጥኩ በኋላ ነው።

"ማን ውረጂ አለሽ?"

"አስከሬን እያለፈ ሞተር አይነሳም፣ ጓድ። እኛ ጋ ነውር ነው።"

"ይሄ አዲስ አበባ ነው!"

አለቀልኝ አልኩ። ደምሴን ምን ብዬ ላየው ነው? ለቀስተኛው አልፎ መንገዱ ጭር ሲል መሪዬ ጋ ተመለስኩ፤ ሰውዬው ግን ወረዱና የክብሪት ቀፏቸውን ከኋላ ጎማው ሥር አስጠግተው አስቀመጡ።

"አስነሺ። ይህን ከጨፈለቅሽ ወድቀሻል።"

ደምሴ ቡሬ ላይ ስንቴ ጮኾብኛል፦ "እግርሽን ከፍሪሲዮኑ ላይ ቀስ! መኪናው ሲንቀጠቀጥ ያኔ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ!" ቀስ አልኩ። መኪናው ተንቀጠቀጠ። ለቀቅኩ። ወደ ፊት ሄደ!

ሰውዬው ቀፏቸውን አንስተው ገቡ፤ ሲጋራም ለኮሱበት።

"እናቴን የሸኘናት በዚሁ መንገድ ነው" አሉ፣ ወደ ውጭ እያዩ። "አንድም መኪና አልቆመልንም።" የሲጋራቸውን አመድ በመስኮት አራገፉና "አልፈሻል፤ ንጂ" አሉኝ።

ስንመለስ በር ላይ የሚጠብቀኝ ደምሴ ፊቴን አየና ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ አስደግፎ አቀፈኝ። ክራንቹ ወደቀ፤ አላፊ አግዳሚው አየን፤ ይየን!

ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ቤት

የክሊኒኳ ሲስተር የአሮጌ ላንድሮቨር ቁልፍ ሰጡኝ። "ባለቤትሽን አድርሺና ተመለሺ፤ ሥራ አለ።"

ደምሴ ጋቢና አጠገቤ ተቀመጠ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ላሞች ድንገት ገቡብን። ፍሬን ስይዝ ጭኑ ተወርውሮ ሲጫን አየሁ። በሌለው እግሩ ፍሬን ረግጧል። ማየቴን አወቀና ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

"አይዞህ ደምሴ፣ ይዤዋለሁ።"

ላሞቹ አለፉ። ከዚያ ክራንቹን ከመሃላችን አንስቶ ወደ ኋላ ወንበር ወረወረው።

"በይ ንጂ እንግዲህ" አለኝ።

ነዳሁ።