በምላጭ የቆራረጥኳት ፖም

በደርግ ጊዜ ሰቆጣ አራተኛ ክፍል ሳስተምር፣ ተማሪዎቼን ከከተማው ዳር ወዳለው ችግኝ ጣቢያ ወስጄ የፖም ዛፍ አሳየኋቸው። ዘበኛው የሰጠኝን አንዲት ፍሬ ክፍል ውስጥ በምላጭ ቆራርጬ ለሁሉም አቀመስኳቸው።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር እጁን በታጠቀው ሽጉጥ ላይ አድርጎ መጣና ከክፍል ጠራኝ።

«መምህር፣ ትናንት ለልጆች ያደልከው ነገር አለ አሉ።»

ወረቀት በትኗል ተብሎ የተወሰደው የሂሳብ መምህር ገና አልተመለሰም።

«ፖም ነው ጓድ፣ ለትምህርት ነው» አልኩ።

ግራ ቀኙን አየና ተጠጋኝ።

«ልጄ ቤት ገብቶ አወራ። እናቱ እርጉዝ ናት፤ ፖም ካላገኘሁ ብላ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አለ በሹክሹክታ። «የቀረህ አለ?»

እጁ አሁንም ሽጉጡ ላይ ነው። እኔ ኪስ ውስጥ የቀረው የፖሟ ሦስት ዘር ብቻ ነበር።