የጠቆረው የሐርቡ ድሪ

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ ስል ሰው ወዲያው ፊቱ ይለወጣል። አንዳንዱ ያዝንልኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ የድሮ አስተማሪው ትዝ ይለውና እኔ ላይ ይናደዳል። ኮምቦልቻ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ነው የማስተምረው። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ በሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን የተሰበሩ ወንበሮች የተከመሩበት ክፍል ነው። ስለዚህ እኔ ጋ ሁሉም ነገር የሚሆነው በጠመኔ ነው። ሶዲየም ከክሎሪን ጋር የሚገናኘው ሰሌዳ ላይ ነው። አሲድና ቤዝ የሚታረቁት ሰሌዳ ላይ ነው። ጋዝ ቢወጣም የሚወጣው ወደ ላይ በተሳለች ቀስት ነው።

ልጆቹ ሞኞች አይደሉም። አቶም ኤሌክትሮን ሲሰጥ ፕላስ ይሆናል ስላቸው ዝም ብለው አይቀበሉኝም። «ቲቸር፣ ከሰጠማ መቀነስ አልነበረበትም እንዴ?» ይሉኛል። ኤሌክትሮኑ ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ እሱ ሲወጣ ፖዘቲቩ ያመዝናል፣ እንዲህ ያለውን አቶም ነው አዮን የምንለው እያልኩ አስረዳለሁ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዷ «ሰደቃ ነው በቃ፤ የሰጠ ይጨመርለታል!» አለችና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለወጉ ያህል ተቆጣሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከኔ ማብራሪያ የሷ ይሻል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ የሚሳሳት ልጅ ብዙ አላየሁም።

የምጠላው ጥያቄ ሌላ ነው። «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?» ኤሌክትሮኑን ማለታቸው አይደለም፤ ሪአክሽኑን ነው። እኔም የተማርኩት በጠመኔ ነው። ከማስተምረው ውስጥ አብዛኛውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። እንደዚህ ሲጠይቁኝ ጉሮሮዬን እጠርግና ወደሚቀጥለው ገጽ እሄዳለሁ።

ትንሿ እህቴ የታጨችው ከኮምቦልቻ አለፍ ብሎ ካለው ከሐርቡ ከተማ ለሆነ ልጅ ነው። ቤታችን ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ ነው። የልጁ እናት ገና በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት አክስቱ ናቸው፤ ቆፍጣና፣ ንግግራቸው ቁርጥ ያለ፣ ሲስቁ እንኳ የሚቆጡ የሚመስሉ ሴት። በነሱ ቤት ወግ ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት የምትወጣው አንድ የብር ድሪ አንገቷ ላይ አጥልቃ ነው። ድሪው የአክስትየው እናት ንብረት ነበር፤ ከሳቸው በኋላ ለዚያ ቤት የተዳሩ ሙሽሮች ሁሉ አጥልቀውታል። ሰርጉ እስኪደርስ ደግሞ የሚቀመጠው ሙሽራዋ ቤት ነው። ለሽምግልና በመጡ ጊዜ አክስትየው ራሳቸው ከጉያቸው አውጥተው እናቴ እጅ ላይ አኖሩትና «አማና ነው» አሉ። አደራ ማለታቸው ነው።

እናቴ የምትሳሳለትን ነገር ሁሉ የምታኖረው በአንድ መንገድ ነው፤ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ ከድኝ ጋር። ያንን ቢጫ ድኝ ከገበያ ትገዛና ወቅጣ በጨርቅ ትቋጥረዋለች፤ ቋጠሮውን ልብስ መሃል ትሸጉጠዋለች። ብል አያስጠጋም ባይ ናት። እውነትም የሷን ልብስ ብል በልቶት አያውቅም። ድሪውንም ከእህቴ የሰርግ ልብስ ጋር አስቀመጠችው። ለአማናው ክብር ስትል ከሁልጊዜው ተለቅ ያለ ቋጠሮ እላዩ ላይ አድርጋ ሳጥኑን ቆለፈችው። ከዚያ ክረምት ገባ። የደሴ ክረምት ደግሞ ጭጋጉ ውጭ አይቀርም፤ ቤት ገብቶ አብሮን ይቀመጣል። ሳጥኑን የከፈተው አልነበረም።

የሰርጉ ዋዜማ ረፋድ ላይ አክስትየው ከሐርቡ መጡ። ደጅ ድንኳን እየተተከለ ነበር። እኔ ጓሮ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሽንኩርት እየላጥኩ እነጫነጫለሁ። ከውስጥ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አልነበረም። «ያ አላህ» ነው ያለችው፣ ቀስ ብላ። እናቴ ቀስ ብላ ስትናገር ነው የምፈራው፤ ሽንኩርቱን ጥዬ ገባሁ።

ድሪው መዳፏ ላይ ነበር። ከሰል መስሏል።

«ይሄ የኛ አይደለም» አሉ አክስትየው።

«ወላሂ እሱ ነው! ካስቀመጥኩት ወዲህ ከዚህ ሳጥን ወጥቶ አያውቅም።»

«የናቴ ድሪ ሐርቡ ግድግዳ ላይ ዕድሜ ልኩን ተሰቅሎ ሲኖር ጠቁሮ አያውቅም። ብር እንዲህ አይሆንም። እንዲህ የሚሆነው ቅብ ነው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ቤት ውስጥ ላለነው ሁሉ ገብቶናል። እውነተኛውን ሸጣችሁ ቅብ ተካችሁበት ነው የሚሉት። የሰው ነገር ነክታ የማታውቅ ሴት በገዛ ቤቷ ሌባ ተባለች። አክስትየው ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሡ። «አማና ካልተጠበቀበት ቤት ሙሽራ አልወስድም» አሉ።

እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው። ታላቅ ናቸው፣ እንግዳ ናቸው ሳልል ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ከሳጥኑ የወጣው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ድኝ። አፌን ዘጋሁት። ድኝ ማለት እኮ ሰልፈር ነው! ሰልፈርና ብር እርጥበት ባለበት አንድ ሳጥን ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶባቸው ሌላ ምን ሊሆኑ ኖሯል? እናቴን ማጽናናት ሲገባኝ ዓይኔ ላይ ድቅን ያለው የሰሌዳው ጽሑፍ ነበር።

«አክስቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኳቸው። «ቅብ አይደለም። ብሩ የትም አልሄደም፤ እዚሁ ጥቁሩ ውስጥ ነው ያለው። ድኙ ነው የያዘው። አስለቅቀዋለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«የማስተምረው ነው።»

«ሲሆን አይተሻል?»

ዘጠነኛ ክፍል የቆምኩ መሰለኝ። «ዛሬ አብረን እናየዋለን» አልኩ።

እናቴ በዚህ መሃል አመድና ሎሚ ይዛ መጥታለች። «ልሸው፣ ይለቅ ይሆናል» ስትል እጇን ያዝኳት። ብታሸው ጥቁሩን ከነብሩ ነው የምታነሣው፤ ብሩ ከሰልፈሩ ጋር ተጣብቋል። ሰልፈሩ የብሩን ኤሌክትሮን ወስዶበታል፤ ብሩም አዮን ሆኗል። የሚያስፈልገው ኤሌክትሮኑን የሚመልስለት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከአሉሚኒየም የበለጠ ቸር ማግኘት ይከብዳል። በሞቀ የጨውና የሶዳ ውሃ ውስጥ አሉሚኒየም ለብር ኤሌክትሮን ይሰጣል። ያኔ ብሩ ወደ ብርነቱ ይመለሳል፤ ሰልፈሩም ይለቀዋል። ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ነው። ጽፌ እጄን አራግፌ የምቀመጥበት ነገር ነው።

ለሰርጉ ከተሰበሰቡት ድስቶች አንድ የአሉሚኒየም አስመጣሁ። ጨው አለ። ቤኪንግ ሶዳውን ከጎረቤት ሱቅ አስገዛሁ። ውሃ ተጣደ። ድሪውን ልከት ስል አክስትየው አቋረጡኝ። «የናቴ ድሪ ወጥ የተሠራበት ድስት ላይ አያርፍም» አሉ። ከቦርሳቸው ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አውጥተው ድስቱ ውስጥ አነጠፉ፤ ድሪውን እንደተኛ ሕፃን በቀስታ እላዩ ላይ አጋደሙት። እስካሁን ያልሄዱት ስለታገሡ ነው፤ በጨርቅ አልጣላቸውም ብዬ ጨውና ሶዳውን በተንኩበት፤ የፈላውን ውሃም ገለበጥኩት።

ምንም አልሆነም። እንፋሎቱ ወጣ፣ ውሃው ጠራ፣ ድሪው ጥቁር እንደሆነ ተኝቷል። ጎረቤቶቹ በር ላይ ተደርድረዋል። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ዱዓ እያደረገች ነው። ውጭ ድንኳን የሚተክሉት ወንዶች ምንም ሳያውቁ ይሳሳቃሉ። ፈራሁ። ስለ እናቴና ስለ እህቴ ፈራሁ። ስለ ራሴም ፈራሁ፤ ይሄ ካልሠራ በጠመኔ ስጽፈው የኖርኩት ሁሉ ምን ነበር?

«አየሽ?» አሉ አክስትየው። ድምፃቸው እንኳ አልጨከነም፤ ያሳዘንኳቸው ይመስለኛል። ድሪውን ሊያወጡ የጨርቁን ጫፍ ያዙ።

ጨርቁን!

«መንካት አለበት!» ብዬ ጮህኩ፣ ልክ ልጆቹ ላይ እንደምጮኸው። ይህችን ቃል ሰሌዳው ላይ ከሥሯ ሁለት ጊዜ ነው የማሰምርባት። ብሩ አሉሚኒየሙን ካልነካው ኤሌክትሮኑ በየት በኩል ይሻገራል? እኔው ራሴ ቆሜ እያየሁ መሃላቸው ጨርቅ ሲነጠፍ ዝም ብያለሁ። «አክስቴ፣ በአላህ ይሁንብዎት፣ ጨርቁ ይውጣ። ድሪው ድስቱን ካልነካው የሚሰጠው አይደርሰውም።»

ድስቱን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ክብራቸውን ነበር የምለምናቸው፤ ያውም ሌባ ናቸው ላሉት ቤት። «ቢስሚላህ» አሉና ጨርቁን በራሳቸው እጅ ሳቡት። ድሪው ባዶው ድስት ላይ አረፈ። አዲስ የፈላ ውሃ፣ ጨውና ሶዳ ጨመርኩ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የተበላሸ እንቁላል። እናቴ በሻሿ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ግን እንደዚያ ደስ ያለኝ ሽታ በሕይወቴ የለም። ሰልፈሩ እየለቀቀ ነው! ጥቃቅን አረፋዎች ተነሡ። ከዚያ ከዳር በኩል አንዲት ዘለበት ቡናማ ሆነች፤ ቆይታ ነጣች። ቀጥሎ ከጎኗ ያለችው ዘለበት። በር ላይ የነበሩት ሴቶች አንድ ላይ ጎንበስ ሲሉ ድስቱን ሊደፉብኝ ነበር። ተቆጣኋቸው፤ አልሰሙኝም። ውሃውን ሁለት ሦስቴ ለወጥኩት። የድስቱ ቂጥ እየጠቆረ ድሪው እየነጣ ሄደ። ቅርጹ ሥር ሥር ገብቶ የቀረ ጥቁር ነበረበት፤ እሱ እንደውም አሳመረው።

አክስትየው በጨርቃቸው አደራርቀው ዘለበት በዘለበት ይመረምሩት ጀመር። አንዷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከሌሎቹ ወፈር ያለች፣ መጋጠሚያዋም የተንሻፈፈ ዘለበት ናት። «ወንድሜ ነው የበጠሳት» አሉ። «ታዝሎ ሳለ ከናቴ አንገት ጎትቶ። አንጥረኛው ሲቀጥላት አበላሻት፤ እናቴ ግን በዚሁ ይቅር አለች።» ወንድማቸው የሙሽራው አባት ናቸው። ድሪውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ከዚያ ወደ እናቴ ሄደው ጉልበቷን ሊይዙ ጎንበስ አሉ። «አፉ በይኝ፣ እቴ። በአላህ አፉ በይኝ።»

እናቴ ከመሬት ሳይደርሱ ያዘቻቸው። «አፉ ብያለሁ፣ አፉ ብያለሁ፤ አልሐምዱሊላህ» አለች። ከጠዋት ጀምሮ በእግሯ የቆመች ሴት ያኔ መደብ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እንደ ሕፃን በረጅሙ ተነፈሰች። ቀጥላ ሳቀች፤ አክስትየውም ሳቁ፤ እውነትም ሲስቁ የሚቆጡ ይመስላሉ።

እህቴ ትዝ ያለችኝ ይሄኔ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ከጓደኞቿ ጋር ጓዳ ነበረች፤ «ሙሽራ አልወስድም» የተባለውን በግድግዳው አልፎ ሰምታዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሊነግራት የገባ የለም። በሩን ስከፍት ጓደኞቿ ሁሉ አቀርቅረዋል። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን፣ ሂና ተቀብተው በላስቲክ የተጠቀለሉትን፣ ፊት ለፊቷ ዘርግታለች። እንባዋ አገጯ ደርሶ ይንጠባጠባል፤ የምትጠርግበት እጅ የላትም።

«ነጣ» አልኳት። «ድሪው ነጣ። ታገቢያለሽ።»

ይህን ብዬ እሷ ከማልቀሷ በላይ እኔ ተንሰቀሰቅኩ። ልታቅፈኝ ብድግ አለችና እጇ ትዝ ሲላት ተወችው። ግንባሯን ግንባሬ ላይ አስደገፈችና «አንቺ ደግሞ» አለችኝ እየሳቀች፣ «የማገባው እኮ እኔ ነኝ።»