ተቀምጠው የሚያድሩት እማማ ይርገዱ

በቁሐር ሚካኤል ከብት የሚገዛ ሁሉ አማቴን እማማ ይርገዱን ያውቃቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሬ ለገበያ የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው። ጠዋት ጨው ያልሱታል፤ ውኃ ጠጥቶ ሆዱ እንዲሞላ። የሚያነክስ ከሆነ ገዢ ሳይመጣ ጭቃ ላይ ያቆሙታል። ገዢው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሲያይ፣ አንገቱን ሲዳብስ፣ እሳቸው ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

የራሳቸው እንቅርት ግን የሚደበቅ አልነበረም። የፎገራ ሜዳ ውኃ በተኛበት በዚያ ክረምት ወደ ደረታቸው ወረደ። ጋደም ሲሉ ጉሮሯቸው ያፏጫል፤ ስለዚህ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ያድራሉ። ልጃቸው በላቸው፣ ባለቤቴ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ግንባር ነበር።

«ልጄን ሳላይ ታንቄ ልሙት?» ይሉኝ ነበር።

ውኃው ሸሽቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ለኦፕራሲዮን የሚሆን ሕመምተኛ የሚመርጡ ባለሙያዎች ወረታ ጤና ጣቢያ መጡ ተባለ። ደካማውን ይመልሳሉ የሚል ወሬም አብሮ መጣ። እማማ ይርገዱ ያንን ሰምተው ተዘጋጁ። ጠዋት ጉሮሯቸውን በማር ውኃ አለሰለሱ፤ ትንፋሻቸው እንዳያልቅ በቅሎዋ ላይ ሆነው መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም። በሩ ላይ ስንደርስ ብቻ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተቀምጬ ማደሬን ብታወሪ፣ አንቺንም ያዘልሽውንም አላውቅም።»

ከባለሙያዎቹ መካከል ማደንዘዣ የምትሰጠው ሲስተር ዘሊካ የወረታው ባለሱቅ የመሐመድሰዒድ ልጅ ነበረች።

«አባትሽ ጨው ሲሰፍር አውራ ጣቱን ጣሳው ውስጥ ይከታል» አሏት ገና ሳይቀመጡ።

«ዛሬም አልተወም» ብላ ሳቀች። «አሁን አፍዎን ይክፈቱልኝ፣ እማማ። ምላስዎን ያውጡ።»

በባትሪ አየች። ጣቶቿን በጥርሳቸው መካከል አስገብታ ለካች። ቀና በሉ፣ ጎንበስ በሉ አለቻቸው። ከዚያ የአየር ቧንቧቸውን በጣቷ ከአንገታቸው መሐል ፈለገች፤ አጣችው። ወደ ጎን ተገፍቶ ወደ ጆሯቸው ሥር ተጠግቶ አገኘችው። ሳቋ ጠፋ።

«ሲተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ያለ ነበር!»

«እስኪ በጀርባዎ ይተኙልኝ።»

ተኙ። ፈገግ እንዳሉ ኮርኒሱን ያዩ ጀመር። ዘሊካ አንገታቸው ላይ እጇን አሳረፈች። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ ያ ፉጨት መጣ፤ ቀጥኖ፣ እየቀጠነ። ከንፈራቸው ጠቆረ። እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨመደደ።

«እንዴት ነዎት?»

«ደ... ህና።»

«ተቀምጠው ነው የሚያድሩት!» ብዬ ጮኽሁ። ጀርባዬ ላይ ያለው ልጅ ደንግጦ አለቀሰ። ሁለታችን ተጋግዘን አነሳናቸው።

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ዘሊካ ጠበቀች። «እማማ፣ እኔ በሬ ልገዛ አልመጣሁም» አለች። «በመድኃኒት ካስተኛሁዎት በኋላ ይህ ጉሮሮ ከተዘጋ፣ መንገዱን ለማግኘት ጊዜ የለኝም። እጄ ላይ ይሞታሉ።»

እማማ ይርገዱ በክፉ ዓይን አዩኝ። ቆይተው አንገታቸውን ደፉ። «ወደ ፊት ሳዘነብልና አገጬን ወደ ቀኝ ሳዞር ይከፈታል» አሉ። «ሌላው ሁሉ ዝግ ነው።»

«አሁን ነገሩኝ» አለች ዘሊካ። «እንግዲያው ሳላስተኛዎት፣ እንደተቀመጡ ነው የሚተነፍሱበትን ቱቦ በጉሮሮዎ የማስገባው። ክፉ ነገር ነው፤ ይቻሉት።»

በሳምንቱ ኦፕራሲዮኑ በሚደረግበት ሆስፒታል እንዳለችው አደረገች። ከበሩ ውጭ ሆኜ ሳላቸውን ሰማሁ፤ የሚታነቅ ሰው ሳል። ከዚያ ፀጥ አለ። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ አቀፍሁት።

ከሰዓት በኋላ አስገቡኝ። አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ዘሊካ ትራሳቸው አጠገብ መቀስ አስቀምጣ ነበር።

«ይህ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ውስጡ ከደማ አንገታቸው ያብጣል፤ ያን ጊዜ ስፌቱን እዚሁ መፍታት አለብኝ። ትንፋሻቸው ድምፅ ካወጣ ሩጪና ጥሪኝ።»

ወንበሬን አስጠግቼ ጆሮዬን ለትንፋሻቸው ሰጠሁ። እማማ ይርገዱ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ።

«ሂጂ ልጁን አጥቢ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እዚሁ አጠባዋለሁ» አልኳቸው፤ ዓይኔን ከፋሻው ሳልነቅል።