ከአበጀ አንገት ያጠፋሁት ማተብ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሰናይት የሠርጓን ፎቶ በስልኳ ስታሳየኝ ከሙሽሮቹ ኋላ የቆመ አንድ ሰው ነበር። በጣቷ ዳሰስ አደረገችውና ጠፋ። «አዩት ጋሼ? እንዳልነበረ ሆነ!» ብላ ሳቀች። እኔ ደሜ ፈላ። «ሰውየው ምን አደረገሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። ልጅቷ ደነገጠች፤ ባሏም መጃጀት የጀመርኩ መሰለው። ቁጣዬ እሷን እንደማይመለከት የገባኝ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስቀመጥ ነው።

በደርግ ዘመን ጎንደር ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት፣ ኩራቴ ግን ከዕድሜዬ የሚበልጥ ነበር፤ ሁለት ትልልቅ ፍላሽ ከነማቆሚያቸው ያለው ከእኔ በቀር አላውቅም ነበርና። አንድ የኅዳር ቀን መተማ አቅራቢያ ካለ የመንግሥት እርሻ አንድ ካድሬ መጣ። የእርሻው ሠራተኞች የአንድ ጨርቅ ፋብሪካ የዋና ቁምጣ ለብሰው ወንዝ ዳር ሲዝናኑ እንዳነሳ አዘዘኝ። ፎቶው ለአዲስ ዓመት በሚታተም የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ሊወጣ ነው። «ሠርቶ አደሩ ከሥራ በኋላ» የሚል ርእስም አስቀድሞ አውጥቶለታል።

ከአይከል በታች መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ይገርፍ ጀመር። ገንዳ ውሃ ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ግራና ቀኙ የታጨደ ሰሊጥ በነዶ በነዶ ቆሞ ይደርቃል። እርሻው ላይ ሳሉጎቹ፣ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ የማሽላ እንጀራ በወይካ፣ በደረቀ ባሚያ ወጥ፣ አቀረቡልኝ። ለመዝናናት የሚተርፍ ጉልበት በአንዳቸውም ላይ አላየሁም፤ ግማሾቹማ ወባ ጥሏቸው ዳስ ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ። ይህ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ጊዜ የማስበው ስለ ብርሃን ብቻ ነበር።

ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ገና ቀይ ሳለ ፍላሽ ከበራ ሰውም ሰማይም አብረው ይወጣሉ። ለዚህ የምትገኘው ጊዜ ግን ቢበዛ አሥር ደቂቃ ናት። ጓንግ ወንዝ ዳር ጄኔሬተር አስነስቼ፣ አንዱን ፍላሽ ቋጥኝ ላይ አቆምኩ፤ ሌላውን ውስጡን ነጭ ጨርቅ ባለበስኩት ጥላ አለዘብኩት። አምስት ወጣቶች ቁምጣ ለብሰው መጡ። ፊታቸውና ክንዳቸው ከሰል፣ ጭናቸው ፈካ ያለ፤ እርስ በርስ እየተያዩ በሳቅ ፈረሱ። መልከ መልካሙን የጎጃም ልጅ፣ አበጀን፣ መሃል አቆምኩት።

ካድሬው በድንገት «ቆይ!» አለ። «ያ አንገታቸው ላይ ያለው ክር ይውለቅ። አብዮታዊ ፎቶ ላይ ማተብ አይታይም።»

አራቱ አቀርቅረው ፈቱ። አበጀ ግን እጁን አንገቱ ላይ ጫነ።

«አይሆንም ጌታው። እዚህ አገር ወባ ዛሬ ትጥላለች፣ ነገ ሰው ይቀበራል። ዘመድ የለኝ፣ የሚያውቀኝ የለ። ይኼን ካላዩ በምን አውቀው ነው ቤተ ክርስቲያን የሚቀብሩኝ?»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት እርሻውን ለቀህ ትሄዳለህ!»

ሰማዩ እየጠቆረብኝ ነው። ይቅር ይበለኝና መላ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወደ ካድሬው ጠጋ ብዬ «ጓድ፣ ይተዉት፤ በኋላ ኔጋቲቩ ላይ በእርሳስ አጠፋዋለሁ» አልኩት። ተስማማ። ያልኩትን ያልሰማው አበጀ «እግዜር ይስጥህ ወንድምዓለም፣ አዳንኸኝ» አለኝ። አነሳኋቸው።

ጎንደር ተመልሼ ማጉያ መነጽር ሥር ተደፋሁ። ጥቁር ክር ኔጋቲቭ ላይ ነጣ ያለ መስመር ነው፤ በሾለ እርሳስ ሲሞላ ወረቀቱ ላይ ቆዳ ሆኖ ይወጣል። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ስጨርስ ያ አንገት ማተብ አስሮ የሚያውቅ አይመስልም ነበር። በእጄ ሥራ ኮራሁ።

በዓመቱ አበጀ ወደ አጨዳ ሲወርድ ፎቶ ቤቴ ገባ። ከስቷል።

«ያ ፎቶ አገሬ የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተሰቅሏል» አለኝ። «የእጮኛዬ አባት ማተቡን ለፈታ ልጄን አልሰጥም አሉ። ይኸው አንገቴ ላይ አለ ብላቸው፣ ዛሬ አስረህ መጣህ ይሉኛል። ወረቀት ጻፍልኝ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብለህ ፈርምልኝ።»

ብዕሩ እፊቴ ነበር። ካድሬው ታወሰኝ። የአብዮቱን ፎቶ ሐሰት ነው ብሎ በፊርማው ያረጋገጠ ሰው የት እንደሚገባ ማንም ያውቃል። ፈራሁ። አንድ ቅጂ አወጣሁና በቀጭን ብሩሽ፣ በጥቁር ቀለም፣ ማተቡን መልሼ ሥዬ ሰጠሁት። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግቶ አየው።

«ይኸማ ሥዕል ነው» አለና ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ያንን ካድሬ ስረግም ዓመታት አለፉ። ይገባዋል! የታመመ ወዛደር ዳስ ውስጥ ትቶ የሳቀ ወዛደር የሚያስነሳ፣ የሰው አንገት ላይ የሚያዝ ሰው ርግማን አይበዛበትም። ግን እርሳሱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ብዕሩንም ያላነሳሁት እኔ። ዛሬ ብጽፈው የሚያስረኝ የለም፤ ስለዚህ ጀግና አያሰኘኝም። አበጀ ይኑር አይኑር፣ ያችን ልጅ ያግባ አያግባ አላውቅም። ወረቀቱ ግን ይኸው፦ አበጀ ጓንግ ዳር ማተቡን አልፈታም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።