ብብት ስር የተያዘ ፎጣ

አማቴ ልጃችንን ሽቅብ ሲያነሱት እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን እያወለቅሁ ነበር። ልጁ ገና ስድስት ወሩ ነው። «አለቃዬ! ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቆጣ ነው የመጣኸው?» እያሉ ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉት። እሱም እግሩን እያወራጨ ይስቅ ጀመር። ወዲያው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአማቴ ቀኝ ክንድ ከትከሻው ወልቆ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠለጠለ።

ልጁ በግራ እጃቸው ላይ ብቻ ቀረ። አልጮሁም። ደረታቸው ላይ ለጥፈው ያዙትና ተንበረከኩ፤ ከዚያም ቀስ አድርገው መሬት የተነጠፈው ፍራሽ ላይ አንሸራተቱት። ባለቤቴ ከማድ ቤት እየጮኸች ወጣች። እኔ አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንደሆነ ደርቄ ቀረሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ የሚለየን ሦስት እርምጃ ነበር፣ አንዱንም አልተራመድሁም። ልጁ ግን ጨዋታ መስሎት ይስቃል።

ይበልጥ ያስደነገጠን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አማቴ ፊታቸው አመድ መስሎ ተነሱና አልጋው ላይ በደረታቸው ተኙ። የወለቀውን ክንዳቸውን በአልጋው ጠርዝ ወደ መሬት ለቀቁት።

«ባልዲው ውስጥ ግማሽ ውሃ አድርገህ አምጣልኝ» አሉኝ።

«ምን?»

«ባልዲ! ፎጣም አምጣ። ባልዲውን እጄ አንጓ ላይ እሰርልኝ። ቶሎ በል ልጄ፣ ጅማቱ ሳይከርብኝ።»

ባልዲውንና ፎጣውን አምጥቼ አሰርሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ይስባሉ፣ ይለቃሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየንና ትከሻቸው ውስጥ አንድ ነገር ዱብ አለ። ክንዱ ቦታው ገባ። ተነስተው ተቀመጡ፣ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ።

«በቃ፣ አለቀ። በይ ልጁን አምጪው» አሏት ባለቤቴን።

እሷ ልጁን አጥብቃ ይዛለች። «እማዬ፣ ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«ማዶ ናት።»

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሆነብሽ?»

አማቴ ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። የግራ እጃቸው ጣቶች አልቀው ወደ ቀኙ ሲሻገሩ ባለቤቴ አለቀሰች። «ከዛሬ ጀምሮ ልጄን አታቅፊውም» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ይሄ ነገር እስኪድን ድረስ አታቅፊውም።»

«እኔን ነው?» አሉ አማቴ። ያን ያህል ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

አማቴ በአንድ ትልቅ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላ ሲያጥፉ ኖረዋል። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ በጋሪ እየተገፋ ይመጣላቸዋል። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ጧ አድርጎ ያራግፈዋል፣ ይወጥረዋል፣ ከዚያ ተጠጋግቶ ያጥፈዋል። ከአማቴ ፊት ለፊት ሁልጊዜ የሚቆሙት አንዲት ሴት ናቸው። ከአንሶላው ወዲያ ማዶ ስለሚቆሙ አማቴ «ማዶ» ነው የሚሏቸው፤ እሳቸውም አማቴን መልሰው «ማዶ» ይላሉ። እውነተኛ ስማቸውን እኔም ያወቅሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ትከሻው መጀመሪያ የወለቀው ከስምንት ዓመት በፊት፣ እርጥብ የሲሚንቶ ወለል ላይ ተንሸራትተው የጋሪውን ብረት አንቀው ሲይዙ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጋሪ ገፊ የባልዲውን ዘዴ ለማዶ አሳያቸው፤ አማቴም ከእሳቸው ተማሩ። ከዚያ ወዲህ በወለቀ ቁጥር አማቴ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ይተኛሉ፣ ማዶ ባልዲ ያስራሉ፣ ሌሎቹ ኃላፊው እንዳይመጣ በሩን ያያሉ። ሲመለስ ሥራ ይቀጥላል። ቤት ገብተው እራት ሲያቀርቡልን እንኳ አንዳችን ነቅተንባቸው አናውቅም።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ራጅ አስነስቶ ወደ ፊዚዮቴራፒስት መራን። ልጅ እግር ሴት ናት፤ የባልዲውን ነገር ስትሰማ እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ።

«እናቴ፣ በባልዲ?! ነርቭ ቢቆነጠጥስ? የደም ሥር ቢጎዳስ? ሁለተኛ እንዳይሞክሩት! ከወለቀ ቀጥታ ወደዚህ ነው የሚመጡት።»

ከዚያ አስረዳችን። ትከሻውን ያሰሩት ጅማቶች በወለቀ ቁጥር ይላላሉ። አሁን አጥንቱን ቦታው ላይ ሊይዙ የሚችሉት ከውስጥ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ደክመዋል። ሦስት ወር እናጠንክራቸው፣ ካልሆነ ቀዶ ጥገና ይታያል አለች። ክንድን ወደ ላይና ወደ ኋላ መወርወር፣ ከፍ ያለ ገመድ ላይ ማስጣት፣ አንሶላ ማራገፍ እስከዚያ ክልክል ነው።

ስፖርቱን አሳየቻቸው። ከብስክሌት ካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ በር እጀታ ላይ ይታሰራል። ክርን ታጥፎ ጎን ላይ ይጣበቃል። ክርኑና ጎናቸው መሃል የታጠፈ ፎጣ አስገባች። «አሁን እጅዎን ብቻ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ይውሰዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቀስ ብለው ይመልሱ። ፎጣው ከወደቀ ክርንዎ ሸሽቷል ማለት ነው።»

እጃቸው ከአንድ ስንዝር ብዙም አልራቀም። አማቴ ሳቃቸው መጣ።

«ይሄ ብቻ? ልጅት፣ እኔ እኮ በቀን አራት መቶ አንሶላ ነው የማጥፈው!»

«አስራ አምስት ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። ከዚያ በላይ አይደለም።»

በዘጠነኛው ቀን ሥራ ውዬ ስመለስ አማቴ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ቀሚሳቸውን ቀይረዋል። «ጨርሻለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«የሦስት ወሩን። አራት ሺህ ሃምሳ ነው የሚመጣው፣ በወረቀት አሰላነው። ማዶ እየቆጠረችልኝ በቀን አራት መቶ ሃምሳ ሠራሁ። አሁን ልጁን ስጡኝ።»

ትከሻቸው አብጧል፣ ሲነካ ይፋጃል፤ ጸጉራቸውን እንኳ ማበጠር አቅቷቸው ሻሽ አስረውበታል። ፊዚዮቴራፒስቷ ዘንድ ስንደርስ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች።

«እናቴ! ይሄ እኮ ኮንትራት ሥራ አይደለም፣ ቶሎ ሲያልቅ ወደ ቤት የሚኬድበት! ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው። እርስዎ አንድ ቀን እንኳ አላሳረፉትም።»

«ታዲያ ስንት ቀን ቀረኝ?»

«አስር ቀን እረፍት። ከዚያ እንደገና ከአንድ እንጀምራለን።»

አማቴ ያኔ አለቀሱ። ስምንት ዓመት ሙሉ ለትከሻቸው ያላለቀሱ ሴት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። «እስከዚያ እኮ ልጁ ይሄዳል። እግር ካወጣ ማን እቅፍ ውስጥ ይቀመጣል?» አሉ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልጁ ጭኗ ላይ ነበር፤ አልሰጠቻቸውም።

እንደገና ተጀመረ። ማዶ ከሥራ በኋላ እየመጡ ይቆጥራሉ፤ አሁን ግን የሚቆጥሩት እንዳይበዛ ነው። አማቴ መዳፋቸውን ግድግዳ ላይ ተክለው ግድግዳውን ይገፋሉ። ከጀርባ በኩል ያሉትን ጠፍጣፋ አጥንቶች ወደ ኋላ ስበው ያቀራርባሉ። ቆይቶ ላስቲኩ በወፍራም ተቀየረ።

«ቀስ በይ ማዶ፣ እዚህ አለቃ የለብሽም» ይላሉ ማዶ።

«እንዴት የለም? ያውልሽ፣ ተቀምጦ ያየኛል» ይላሉ አማቴ ወደ ልጁ እያዩ። እሱም እየዳኸ መጥቶ የላስቲኩን ጫፍ ይጎትታል፤ ባለቤቴ ትመልሰዋለች።

ሥራ ቦታ ማራገፉን ሌሎች ወሰዱላቸው፤ አማቴ ትንንሹን ልብስ በጠረጴዛ ላይ ያጥፋሉ። ፎጣውን ግን ለምደውት ሥራ ላይም ከሚያጥፉት አንዱን ብብታቸው ስር ያደርጋሉ። አንድ ቀን ብብታቸው ስር እንዳለ ረስተው ሲወጡ በር ላይ ዘበኛው አስቆማቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ፎጣውን መዝዞ። የድርጅቱ ማኅተም አለበት። ለፍተሻ የተሰለፈው ሠራተኛ ሁሉ ዞሮ አየ።

«ትከሻዬ ነው» አሉ አማቴ።

ዘበኛው ፎጣውንም እሳቸውንም እያፈራረቀ አየ። ከኋላ የነበሩት ማዶ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ነገሩን ማስረዳት ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ልጁ አስራ አንድ ወሩ ሲሆን፣ ትከሻው ሳይወልቅ በአምስተኛው ወር፣ ፊዚዮቴራፒስቷ በጀርባቸው አስተኝታ ክንዳቸውን ወደ ውጭና ወደ ኋላ ቀስ እያለች ወሰደችው። ባለቤቴ ክንዱን አላየችም፣ የእናቷን ፊት ነበር የምታየው። ፊታቸው አልተለወጠም። «ይዟል» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ። «ስፖርቱን ግን እንዳያቆሙ።»

ቤት እንደገባን ባለቤቴ ልጁን ወደ እናቷ ዘረጋችው። «እንቺ እማዬ። ያዥው።»

አማቴ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ፊታቸው ያን ቀን እንዳየሁት አመድ መሰለ።

«ፈራሽ?» አለች ልጃቸው፣ እሷም ደንግጣ።

«ፈራሁ። ያን ጊዜ ስጡኝ ስልም እየፈራሁ ነበር፤ አንቺ ባትከለክዪኝም አልይዘውም ነበር።»

ማናችንም ይህን አልጠበቅንም። ባለቤቴ ልጁን እንደያዘች መሬት ተቀመጠች። አማቴም ከጎኗ ተቀምጠው ጀርባቸውን ግድግዳ አስደገፉ። «ፎጣዬን» አሉኝ። አጥፌ ሰጠኋቸው፤ ብብታቸው ስር አደረጉት። ባለቤቴ ልጁን ቀስ አድርጋ ጭናቸው ላይ አስቀመጠች፣ እጇን ግን አላራቀችም።

ልጁ አፍንጫቸውን ያዘ። ቀጥሎ ሻሻቸውን ፈለገና እግሩን ጭናቸው ላይ ተክሎ ሽቅብ ተነሳ። ተከትለውት በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉት። ፎጣው ከብብታቸው አምልጦ ወደቀ።

ባለቤቴ ጮኸች። እኔ እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም፤ ብቻ ተንበርክኬ ሁለት እጄን ከልጁ ስር ዘርግቼ ራሴን አገኘሁት። ቀጭ የሚለውን ድምፅ ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማም።

አማቴ ልጁን እንደያዙ አንድ ጊዜ ልጃቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩን።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ። «ፎጣ እኮ ነው የወደቀው።»