የእሜቴ ውብአለም ጭስ

እሜቴ ውብአለም ከገሳይ በላይ፣ ጉና ተራራ እግር ሥር ካለው መንደራችን ራቅ ብሎ ብቻውን በቆመ ጎጆ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እናቴ ፈንታነሽ የቅርብ ጎረቤታቸው ስለነበረች ታሪካቸውን የማውቀው ከእሷ ነው። ደስ ብሏት አልነገረችኝም፤ ዓመት ሙሉ እየጎተጎትኩ ነው ያወጣሁት።

በዚያ መንደር ያረጀ ሰው ልጅ ባይኖረው እንኳ ቤቱን ጥሎ አይወጣም ነበር። የመድኃኔዓለም ሰንበቴ አለለት። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ይዘው የሚሰበሰቡት አባላት የእሜቴን ገብስ በደቦ ያርሳሉ፣ ያጭዳሉ፣ ክረምት ሳይገባ ጣራቸውን ይከድናሉ። ሴቶቹ ውሃና ኩበት ያደርሱላቸዋል። ከሁሉም በላይ ግን ጭሳቸውን ያያሉ። ጠዋት በሩን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ ቀና ብሎ ወደ እሜቴ ጣራ ይመለከታል። ጭስ ካለ እሜቴ አሉ ማለት ነው። ፀሐይ ወጥታ ጭስ ካልታየ ቅርብ ያለው ሰው የያዘውን ጥሎ ይሮጣል።

አንድ ጠዋት እንጨቱ ረጥቦ እሳቱ እምቢ ቢላቸው ግማሹ መንደር ደጃቸው ላይ ደረሰ። «ከፈኑን ረሳችሁት እንዴ?» አሏቸው እሜቴ። ሰውን በነገር ሸንቆጥ ማድረግ ይወዱ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የሚበስል ባይኖራቸው እንኳ ጠዋት ጠዋት እሳት ሳያያይዙ ቀርተው አያውቁም። ሰውን በከንቱ ማስደንገጥ አይወዱም፤ የሰው ሸክም መሆንን ደግሞ ከሞት አብልጠው ይፈሩ ነበር።

ጣልያን ደብረ ታቦር ገብቶ ምሽግ ሠራ፤ አርበኛውም ጉናን ያዘ። አንድ ቀን አይሮፕላን መጥቶ ከወንዙ ማዶ ባለ መንደር ላይ ቦምብ ጣለ። የሰርግ ድግስ ነበር። የድግሱን ጭስ አይቶ የአርበኛ ሰፈር መስሎት ነው ተባለ። የእኛ ሰዎች ሄደው ነው ሬሳውን የቀበሩት።

የሰንበቴው አለቃ፣ በደንቡ ሙሴ የሚባለው፣ አያ አድማሱ ነበር። በቀጣዩ እሑድ ሰዉን ሰብስቦ ሕግ አወጣ። ከእንግዲህ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት አይነድም። ጭስ የታየበት ቤት ከሰንበቴ ይወጣል። ጭስ ያየ ሰው ደግሞ ልጁን ይዞ ከመንደሩ በታች ወዳለው ገደል ይሩጥ። ሁሉም ልክ ነው አለ። ልክም ነበር፤ እኔም ብሆን እንዲያ እል ነበር።

እሜቴ ከኋላ ተነሡ። «እኔንስ በምን ታውቁኛላችሁ?» አሉ።

አያ አድማሱ ከእሱ ቤት እንዲገቡ ለመናቸው።

«በሰው ምድጃ ዳር ተቀምጬ፣ ልጅ ሲመጣ ፈቀቅ፣ እንግዳ ሲመጣ ፈቀቅ እያልኩ? አይሆንም ልጄ። እኔ የምሞተው ከገዛ ምድጃዬ ዳር ነው።»

«እንግዲያው በተራ እንመጣለን፣ እሜቴ። ማታ ማታ አንዳችን ደጅዎን ሳንረግጥ አናድርም። መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው» አለ።

ክረምቱን ሙሉ መጡ። መስከረምም መጡ። አጨዳ ሲደርስ ግን ከወንዶቹ ግማሾቹ አርበኛ ጋር ነበሩና የቀረው ሰው ሥራው በዛበት። ተራ የደረሰው ሰው መንገድ ላይ ያገኘውን «እሜቴ እንዴት ናቸው?» ይላል። «ደህና ናቸው አሉ» ይባላል። ደህና ናቸው ያለውም ከሌላ ሰምቶ ነው። እንዲህ ደህንነታቸው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ደጃቸውን የረገጠ ሰው አልነበረም። ውሃ የሚያደርስላቸውም ጠፋ። በመጨረሻው ማታ ተራው የእናቴ ነበር። ደክሟት ተኛች።

በማግስቱ ማለዳ እሜቴ እንስራ አዝለው ወደ ምንጭ ሊወርዱ ሲሉ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ተጣሩ። የጉና ነፋስ የማንንም ድምፅ አያደርስም። እየተሳቡ ወደ ቤት ተመለሱ፤ ማታ የዳፈኑትን ፍም ቆስቁሰው ርጥብ ገለባ ጫኑበት። ሕጉን ረስተውት አልነበረም።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ አጫጁ ሁሉ ጭሱን አየው። አያ አድማሱ «ጭስ» ብሎ ተጣራ። ሰዉ ማጭዱን እየጣለ፣ ልጁን እያንጠለጠለ፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ገደሉ ወረደ። እዚያ ተደብቀው የእሜቴን ስም አነሡ። «ጃጅታለች» ያለ አለ። «ይቺ አሮጊት ልታስፈጀን ነው» ያለ አለ። አንዷ ደግሞ ጣልያን በጨው ገዝቷት ይሆናል አለች። በአንድ ጀምበር አንቱታቸው ቀረ። ታመው ይሆን እንዴ ያለ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ይህን እናቴን ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። ጭሱ አልቆም ባለ ቁጥር ቁጣቸው ባሰ። አይሮፕላኑም ሳይመጣ ዋለ።

ፀሐይ ስትጠልቅ አያ አድማሱ ከሰንበቴ መውጣታቸውን ሊነግራቸው ሰው አስከትሎ ወጣ። እናቴም አብራ ነበረች። እሜቴን ምድጃው ዳር በጎናቸው ተጋድመው አገኟቸው። ኩበቱ አልቋል። የመደቡ ገለባ አልቋል። ሰፌዱ፣ ሙዳዩ፣ በርጩማው፣ የለበሱት ጋቢ ሳይቀር ነዷል። እጃቸው የደረሰበትን ሁሉ ወደ እሳቱ ሲጨምሩ ውለዋል።

«ትቆጡኛላችሁ ብዬ አውቃለሁ» አሉ ድምፃቸው ደክሞ። «ለቁጣም ቢሆን ይመጣሉ ብዬ ነው። ጭሱ አነሰ መሰለኝ።»

አያ አድማሱ መሬት መሬቱን እያየ «አላየነውም፣ እሜቴ። ጉም ነበር» አለ።

እሜቴ ፊታቸው ፈታ አለ። «እኔስ ብዬ ነበር። ብታዩትማ ኖሮ ትቀሩ ነበር?»

በቃሬዛ ወደ አያ አድማሱ ቤት አወረዷቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፈቀቅ እያደረጓቸው ሰነበቱ፤ እሑድ ሳይደርስ እዚያው፣ በሰው ምድጃ ዳር አረፉ። የጉሙን ነገር መንደሩ በሙሉ ያዘው። ዛሬም ብትጠይቁ ያን ቀን ጉም ነበር ይሏችኋል።

ጠላት ከወጣ በኋላ ሰንበቴው ተዝካራቸውን አወጣ። በግ ታረደ፣ ባዶው ጎጆ ደጃፍ ላይ በጠራራ ፀሐይ እሳት ሲነድ ዋለ። ጭሱን አይቶ ያልመጣ ሰው አልነበረም።