ዳልቻ ያልወደደው ምት

ዛሬ ረፋድ ላይ አውድማው መሀል አራት በሬዎች በእኔ ከበሮ ምክንያት ቀጥ ብለው ቆሙ።

ነገ ከጓደኞቼ ጋር ሞጣ ሄደን የራሳችንን ዘፈን እንቀዳለን፤ ከበሮ መቺው እኔ ነኝ። እዚህ ቢቸና ደግሞ የአባቴ ጤፍ ውቂያ ላይ ነው፤ ሰማዩም መዳመን ጀምሯል። ስለዚህ ከበሮዬን አንግቼ አውድማ ወረድሁ። በሬ እየነዳሁ ብለማመድ ማን ይከለክለኛል?

ዳልቻ ከለከለኝ። ፊት ፊት የሚመራው በሬያችን ነው። አዲሱን ፈጣን ምት ስጀምር ቆመ፤ ሌሎቹም ቆሙ።

አባባ መንሻቸውን ተደግፈው "በሬ የሚያቆም ከበሮ ሰው ያስጨፍራል ብለህ ነው?" አሉኝ።

አፈርሁ። እሳቸው የውቂያ ዜማቸውን ሲጀምሩ እኔም ዝግ ብዬ ተከተልኋቸው። ዳልቻ ጆሮውን አርገብግቦ መዞር ጀመረ። ዝናቡ ሳይመጣ ወቅተን ጨረስን፤ ተመስገን።

አሁን ለጓደኞቼ ደውዬ "ዘፈኑን ዝግ እናድርገው" አልኋቸው። "ማን አለ?" ሲሉኝ በሬ ነው ማለት ከብዶኝ "አንድ የቆየ ባለሙያ" አልሁ። (ይህን ጽሑፍ እንደሚያነቡት አሁን ትዝ አለኝ።)

እናንተስ፣ ሥራችሁን አይቶ "ይሄ አይሆንም" ብሎ ያዳናችሁ ማን ነው? ቀንድ ካለው በተለይ ንገሩኝ።